ካሚዮኑ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?



ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የጾሙንና የበዓሉን ቀን ለማውጣት የሚነሣ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ዓመቱን ነው። ዓመተ ዓለሙ ካልታወቀ ወንበር አይወጣም፤ ወንበር ካልወጣ አበቅቴና መጥቅዕ አይገኙም፤ እነዚህ ካልተገኙም ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ የሚናገር የለም። ይህ ሥርዐት ለቀመር ብቻ ሳይሆን የሰው እጅ ለሠራው ዕቃ ሁሉ እንደሚያገለግል የሚያሳይ ነገር በቤታችን አጋጥሞናልና፣ ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እጽፈዋለሁ። ነገሩ የአንድ ልጅ መጫወቻ ነው። መጫወቻው ግን የኢጣሊያ የጦር ካሚዮን አምሳያ በመሆኑ፣ ተኝቶ የቆየ የቤተ ሰብ ኀዘን ቀሰቀሰ።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደ ሆነ ላላዩት ላስረዳ። በውጭ አገር የሚገኙ አንዳንድ ፋብሪካዎች መኪናውን፣ መርከቡን ወይም አውሮፕላኑን በልክ አሳንሰው፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከፕላስቲክ አውጥተው፣ በካርቶን አሽገው ይሸጣሉ። የገዛው ሰው ክፍሎቹን በስለታም ቢላዋ እየቈረጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ፣ በሙጫ እያጣበቀ፣ በመጨረሻም ቀለም እየቀባ ይጨርሰዋል። ለጦር ተሽከርካሪዎች በብዛት የተለመደው መጠን 1 ለ35 ነው። ይኸውም በእውነተኛው መኪና ላይ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነገር በአምሳያው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው በዚህ መጠን ሲሠራ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይወጣዋል።

ይህ 35 የሚባለው ቍጥር የተገኘበት ምክንያት ራሱ የሚያስገርም ነው። ሺዙኦካ በምትባለው የጃፓን ከተማ የሚገኘው ታሚያ የተባለ ፋብሪካ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ አምሳያ ሲያዘጋጅ፣ ታንኩ በራሱ እንዲሄድ በሆዱ ውስጥ ሞተርና ባትሪ ሊያስገባበት ፈለገ። ባትሪዎቹ የሚይዙት ስፋት ተለካና ታንኩ በዚያው ልክ ተሠራ፤ በኋላ ሲሰላ ከእውነተኛው ታንክ ሠላሳ አምስተኛው እጅ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹም ፋብሪካዎች ያንኑ መጠን ተከትለው ሠሩ። እንግዲህ ዛሬ በዓለም ሁሉ ያሉ የእጅ ሥራ ወዳዶች የሚገለገሉበትን ልክ የወሰነው የባትሪ ወርድ ነው።

ዛሬ በዚህ መጠን የሚሸጠው የዘመናችን ታንክ ብቻ አይደለም። አይ ሲ ኤም የተባለው የኪየቭ ፋብሪካ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ሠራዊት የተገለገለባቸውን ሊበርቲና ኤፍ ደብልዩ ዲ የተባሉትን ካሚዮኖች እንኳ ሠርቶአል። ሊበርቲ የተወጠነው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1917 ሲሆን፣ እግሮቹ ነፋስ የማይሞላባቸው ድፍን ጎማዎች ነበሩ። ኤፍ ደብልዩ ዲ የተባለው ደግሞ አራቱም እግሮቹ በሞተር ኀይል እንዲሽከረከሩ ሆኖ የተሠራ ነው። እነዚህን አምሳያዎች በጥንቃቄ የሠራ ልጅ፣ የጭነት መኪና ከፈረስ ጋሪ ተነሥቶ እስከ ዛሬው ድረስ በምን መንገድ እንደ ደረሰ በጣቱ ዳስሶ ይማራል።

በሐረር በጀጎል ውስጥ ያደግን ሰዎች ግን ከካርቶኑ በፊት ቆርቆሮ እንደ ነበረን መናገር ይገባኛል። የዘይት ቆርቆሮ ተቈርጦ ጋቢና፣ የሳርዲን ጣሳ ተገልብጦ የጭነት ሳጥን፣ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ወይም ያረጀ ነጠላ ጫማ ተቀዶ ጎማ ይሆናል። ከመኪናው ላይ ረጅም ሽቦ ተስቦ ጫፉ እንደ መሪ ይጠመዘዛል፤ ልጁም ቆሞ እየሄደ ይነዳዋል። በግንቡ ውስጥ ተሽከርካሪ የሚገባው ከሐረር በር ተነሥቶ ወደ ፈረስ መጋላና ወደ መድኀኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው ጎዳና ሲሆን፣ ወደ ውስጥ የሚገቡት መተላለፊያዎች አብዛኞቹ ከአህያ ጭነት በቀር የሚያሳልፉ አይደሉም። በመሆኑም በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ያለ ከልካይ የሚመላለሱት ካሚዮኖች የእኛ የቆርቆሮዎቹ ብቻ ነበሩ ለማለት ይቻላል። «መኪና ግርግር» የተባለው ሰፈር እንኳ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ እንጂ ከአውቶሞቢል አይደለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። በውጭ አገር የምትኖረው እኅቴ፣ ልጄ የስምንተኛ ክፍል ፈተናውን በማለፉ ደስ ብሎአት አንድ ካርቶን ላከችለት። በውስጡም አይ ቢ ጂ የተባለው የዋርሶ ፋብሪካ የሠራው፣ ላንቻ ሦስት አር ኦ የተባለው የኢጣሊያ የጦር ካሚዮን አምሳያ ነበረ። ልጁ እንደዚህ ያለ ነገር በሕይወቱ ይዞ ስለማያውቅ ክፍሎቹን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲቈጥር ዋለ። ከእኛ ጋራ የምትኖረው እናቴ ግን በካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ባየች ጊዜ ፊቷ ተለወጠ።

«ይህ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የኢጣሊያ ካሚዮን ነው እማማ፤ እስኪ ይዩት፣ በሩ እንኳ ይከፈታል» አላት ልጁ በደስታ።

«ይህ በእኔ ቤት አይቀመጥም።»

«ፕላስቲክ እኮ ነው እማማ።»

«ሥዕልም እንጨትና ቀለም ነው» አለችው። «ግን የማን እንደ ሆነ ስለምናውቅ እንሳለመዋለን። ይህም የማን እንደ ሆነ ስለማውቅ አልወደውም።»

አንባቢ ሆይ፤ ይህን የአሮጊት ቍጣ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። አምሳያ ያለ ባለቤቱ ባዶ ነገር አይደለም። ቤታችን በሥዕልና በፎቶግራፍ የተሞላው፣ የምናከብረውና የምንወደው ሁሉ በምስሉ በኩል ስለሚታሰበን ነው። የተወደደው በምስሉ የሚወደድ ከሆነ፣ የተጠላውም በምስሉ ቢጠላ እውነት አለው። ይህንንም የምትለው እናቴ የምትናገርበት ምክንያት ነበራት። የእናቷ ታላቅ ወንድም በ1928 ዓ.ም. ከደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ጦር ጋራ ወደ ኦጋዴን ዘምቶ ሳይመለስ ቀርቶአል። የት እንደ ወደቀ፣ በማን እጅ እንደ ተቀበረ፣ በየትኛው ቀን እንደ ሞተ የነገረን የለም። ቀኑ ስላልታወቀም አያቴ ጠላት ሐረር የገባበትን ሚያዝያ 30 ቀንን፣ ማለት የወንጌላዊው የማርቆስን ዕለት፣ መታሰቢያው አደረገችው። እናቴም ይህንኑ ተቀብላ እስከ ዛሬ በዚያ ዕለት ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ጋግራ፣ ነዳያንን ትጋብዛለች። እንግዲህ በቤታችን የአንድ ሰው ሞት ዓመቱ ይታወቃል፤ ቀኑ አይታወቅም።

ይሁን እንጂ በዚያው በእናቴ ልብ ውስጥ ሌላ ካሚዮንም ነበረ። አባቴ ነፍሱን ይማርና፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በትሬንታ ኳትሮ ላይ አስቀድሞ ረዳት፣ ኋላም ሾፌር ሆኖ ከድሬ ዳዋ ወደ ሐረር፣ ከሐረርም ወደ ጅጅጋ ጭነት ያመላልስ ነበር። ትሬንታ ኳትሮ በኢጣሊያንኛ 34 ማለት ነው፤ ፊያት 634 ከተባለው የካሚዮኑ ሙሉ ስም ጫፉ ብቻ በሰው አፍ የቀረ ነው። ይህ ካሚዮን በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1931 ጀምሮ የተሠራ፣ በኢጣሊያ አገር በብዛት ከወጡት ከባድ የናፍጣ መኪኖች የመጀመሪያው ነው። ወደ አገራችን ያመጣው ወራሪው ጠላት ነው። እናቴ ያሳደገችን፣ እኔንም ከቄስ ትምህርት ቤት አውጥታ ዘመናዊ ትምህርት ያስተማረችኝ፣ ያ ካሚዮን ባስገኘው ገንዘብ ነበር። ስለዚህ እናቴ ካርቶኑን በጠላች ጊዜ የጠላችው አንድ ነገር ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ምስል ውስጥ የአጎቷን ገዳይና የልጆቿን እንጀራ አብራ ነበር ያየችው።

በዚህን ጊዜ ለልጄ አንድ ጥያቄ አቀረብሁለት። «ካሚዮኑ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አልሁት። ልጁ መልስ አልነበረውም። አያቱን ለማስፈቀድ ከፈለገ አስቀድሞ ይህን አጥንቶ እንዲመጣ፣ እስከዚያው ግን አንድም ክፍል እንዳይቈርጥ ነገርሁት።

ያገኘው መልስ እንዲህ የሚል ነበር። ላንቻ ሦስት አር ኦ የተባለው ካሚዮን ከፋብሪካ መውጣት የጀመረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1938፣ በእኛ በ1930 ዓ.ም. ነው። አምስት ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ሲሆን፣ ኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ኢጣሊያኖች አብዝተው ተገልግለውበታል። እንግዲህ ጠላት ሐረርን በያዘበት በ1928 ዓ.ም. ይህ ካሚዮን ገና አልተሠራም ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ላንቻ፣ አር ኦ ብቻ የሚባለው ሁለት ሲሊንደር ያለው የቀድሞው ዓይነት ነው። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ካሚዮን የእናቴን አጎት ሊገድል ከቶ አይችልም ነበር።

እናቴ ይህን ስትሰማ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ታዲያ የመጣው የቱ ነው?» አለች። በእኔ አስተያየት ከዚያች ቃል ጀምሮ ነገሩ መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ የታሪክ ትምህርት ሆነ።

የመጣውን እንመልከት። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ኢትዮጵያን የወጋችው ከሁሉ አስቀድሞ በአውሮፕላን፣ በመርዝ ጢስና በካሚዮን ነበር። በሰሜን በኩል ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን ከደሴ ተነሥቶ ከ1,700 በላይ በሆኑ ተሽከርካሪዎች ወደ አዲስ አበባ ተጓዘ፤ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቈርጦ ቢያቆየውም ሚያዝያ 27 ቀን ከተማዋን ያዘ። በደቡብና በምሥራቅ በኩል የዘመተው ጄኔራል ግራዚያኒ ደግሞ ከኢጣሊያ ካሚዮኖች ሌላ ከአሜሪካም የተገዙ መኪኖች ነበሩት። በጥር ወር መጀመሪያ በሞተር የሚጓዘው ጦሩ ነገሌ ቦረና ገባ። መጋቢት 20 ቀን ሐረር በአውሮፕላን ተደበደበች። በሚያዝያ ወር ግራዚያኒ በኦጋዴን በኩል ሲገፋ ደጃዝማች ነሲቡ ጠንካራ ምሽግ አዘጋጅተው ጠበቁት፤ ዝናቡም ከባድ ስለ ነበረ ካሚዮኖቹ በጭቃ ተይዘው ዘገዩ። ሆኖም ሚያዝያ 22 ቀን ደገሐቡር ተያዘች፤ ሚያዝያ 30 ቀን ሐረር ተያዘች። ያ ጦርነት ጀግንነት ያነሰበት አይደለም። በእግሩ የሚሄድና ስንቁን በአህያ የሚያስጭን ሠራዊት፣ ከሰማይ መርዝ እየወረደበት፣ ጎማ ካለው ሠራዊት ጋራ የተዋጋበት ጦርነት ነው።

ካሚዮን ግን ለማንም አይታመንም፤ ነጂውን ይከተላል። በ1933 ዓ.ም. የካቲት 18 ቀን የእንግሊዝ ጦር ሞቃዲሾን ሲይዝ፣ ጠላት ጥሎት የሸሸው ብዙ ቤንዚን በእጁ ገባ። በዚያም ቤንዚን የናይጄርያ ወታደሮች ከሞቃዲሾ እስከ ጅጅጋ ያለውን 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ17 ቀን ጨርሰው መጋቢት 8 ቀን ደረሱ። መጋቢት 12 ቀን የማርዳን በር አስለቀቁ፤ መጋቢት 17 ቀንም ሐረር ከጠላት እጅ ወጣች። ጠላት ሐረር የገባው በካሚዮን ነው፤ ከሐረር ያስወጣውም ጦር የተጓዘው በካሚዮን ነው። በመካከሉ ያለው ልዩነት አምስት ዓመት ነው።

ከነጻነት በኋላ ኢጣሊያኖች ትተዋቸው ከሄዱት መኪኖች መካከል ብዙዎቹ በነጋዴዎች እጅ ገብተው ቡና፣ እህልና ጨው ይጭኑ ጀመር። ከመኪኖቹ ጋራ ቃላቱም ቀሩልን። ዛሬ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኮፈን፣ ጋቢና፣ ላሜራ የምንለው ሁሉ የኢጣሊያን ቋንቋ ነው። መኪና የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ነው። አባቴ አንድም የኢጣሊያን ዐረፍተ ነገር ሳያውቅ በቀን መቶ ጊዜ የኢጣሊያን ቃል ይናገር ነበር። ቃላቱን ያስተማረው ጠላት አይደለም፤ በጋራዥ ውስጥ አብረውት የሚሠሩ የአገሩ ልጆች ናቸው። እኔ በክፍል ውስጥ ስለ ቋንቋ ሳስተምር፣ የቃልን አባት ብቻ ሳይሆን ያሳደገውንም መጠየቅ ይገባል የምለው ይህንኑ እያሰብሁ ነው።

ልጄ ከዚህ በኋላ የላንቻውን አምሳያ እንዲሠራ ተፈቀደለት። ሲሠራም አንድ ነገር አስቸገረው። የመሪው ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ በስተ ቀኝ በኩል ስለ ነበረ ፋብሪካው የተሳሳተ መሰለውና ወደ ግራ ሊያዛውረው ቢላዋ አነሣ። እናቴ በአጠገቡ ቡና እየቈላች ነበርና፣ «ተወው፣ ልክ ነው» አለችው። «የአባትህ አባትም በቀኝ በኩል ነበር የሚቀመጠው። በደንገጎ ዳገት ላይ ሲወጣ ገደሉን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እያየ ነበር የሚነዳው» አለችው። በእርግጥም የዚያን ዘመን የኢጣሊያ ከባድ ካሚዮኖች መሪያቸው በስተ ቀኝ ነበረ፤ ምክንያቱም በተራራ መንገድ ላይ ነጂው የመንገዱን ጠርዝ ከቅርብ እንዲያየው ነው። የዋርሶው ፋብሪካ ሠራተኞችና ደንገጎን የምታውቅ አንዲት የሐረር እናት፣ ሳይተዋወቁ በአንድ ነገር ላይ ተስማሙ።

ከዚያች ቀን በኋላ እናቴ ዝም አላለችም። የምታውቀውን ሁሉ ታወራ ጀመር። ከድሬ ዳዋ እስከ ሐረር ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ የተጫነ ትሬንታ ኳትሮ እንደ ኤሊ ይሳብበት ነበር። ረዳቱ ከኋላ ታኮ ይዞ ይቀመጣል። ታኮ ማለት መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚጣል የእንጨት ሽብልቅ ነው። ሞተሩ ሲደክም ሾፌሩ ይጮኻል፤ ረዳቱም ዘሎ ወርዶ ታኮውን ይጥላል። አንድ ረዳት ታኮውን በጊዜው ካላደረሰ ጭነቱም፣ መኪናውም፣ ሰውም ገደል ይገባል። «የአያትህ ግራ እጅ ሁለት ጣት አጥሮ ያየኸው በፎቶግራፉ ላይ፣ ታኮ ሲጥል ነው» አለችው። ይህን ነገር እኔም ከአባቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ልጄ የትሬንታ ኳትሮ አምሳያ በሚያውቃቸው ሱቆች ፈልጎ አላገኘም። እንግዲህ ጀጎል ወደ ለመደችው ወደ ቆርቆሮ ተመለሰ። ነገር ግን የአሁኑ የቆርቆሮ መኪና እንደ ድሮው በዓይን ግምት የሚሠራ አልሆነም። የካሚዮኑን ፎቶግራፍ ፈልጎ፣ የጎማውን ልክ መነሻ አድርጎ፣ ሌላውን ሁሉ በ1 ለ35 እያካፈለ በወረቀት ላይ ነደፈው። እውነተኛው ካሚዮን ርዝመቱ ከ7 ሜትር በላይ ስለ ሆነ አምሳያው ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ወጣው። በትምህርት ቤት ንጽጽርና መቶኛ እየተባለ የሚያሰለቸው ሒሳብ በዚህ በኩል ሲመጣ ያለ ቍጣ ገባው። ጋቢናውን ከዘይት ቆርቆሮ፣ ባሌስትራውን ከሰዓት ሽቦ፣ የጭነት ሳጥኑን ከሻይ ቅጠል ጣውላ ሠራው። ከኋላው እግር አጠገብም ከክብሪት እንጨት የተቀረጸች፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ታኮ አስቀመጠ።

በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ አንድ ቀን ሜትር ይዞ ወጣና የእኛን ሰፈር መተላለፊያ ለካ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 1 ሜትር ከ60 ሆነ። የካሚዮኑ ወርድ ግን ከ2 ሜትር በላይ ነው። «አባባ፣ ካሚዮኑ እዚህ ሊገባ አይችልም ነበር» አለኝ። «ስለዚህ እኛ ሰፈር የመጡ ወታደሮች ወርደው በእግራቸው መሄድ ነበረባቸው።» ይህን ያህል ዘመን ታሪክ ሳስተምር እንደዚህ ያለ ነገር ከተማሪ አፍ ሰምቼ አላውቅም። የአሚር ኑር ግንብ መድፍን ባያቆምም፣ ከግንቡ ውስጥ ያሉት ጠባብ መንገዶች ግን በሞተር የመጣውን ሁሉ እንደ ማንኛውም እንግዳ በእግሩ አስገብተውታል። ይህን ያገኘው ልጅ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ ሜትርና ከአንድ የማካፈል ሒሳብ ነው።

ሁለቱም ካሚዮኖች ሲያልቁ ወዴት ይቀመጡ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ልጁ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ጎን ለጎን ሊያስቀምጣቸው ይሻ ነበር። እናቴ አልተስማማችም። «ላንቻው ትምህርት ቤት ይሁን» አለች። «እዚያ ይማሩበት። ይኸኛው ግን እንጀራ ያበላን ነው፤ እቤቴ ይቀመጥ።» ከዚያም ልጁ በእያንዳንዱ ካሚዮን ሆድ ላይ ዓመቱን እንዲጽፍ አዘዘችው። በላንቻው ላይ 1930 ተጻፈ፤ በትሬንታ ኳትሮው ላይ ግን እናቴ ፋብሪካው የሠራበት ዓመት እንዲጻፍ አልፈቀደችም። አባቴ ረዳትነቱን ትቶ መሪ የጨበጠበትን 1953ን አስጻፈች። እኔም አልተቃወምሁም። አምሳያው የሚያሳየው የቱሪንን ፋብሪካ ሳይሆን የደንገጎን ዳገት ነውና።

ስለዚያ ካሚዮን፣ ማለት በ1928 ከኦጋዴን በኩል ስለ ገባው፣ ልጄ «እሱንስ ልሥራው?» ብሎ አንድ ቀን ጠይቋት ነበር። «እኔ ስሞት ሥራው» አለችው። ይህንንም ማክበር ይገባል። ኀዘን ሁሉ በአንድ ጊዜ በጠረጴዛ ላይ አይዘረጋም፤ ጥቂቱን ለሚቀጥለው ትውልድ መተውም ከትዕግሥት ይቈጠራል።

እንግዲህ ክቡራን ወላጆች፤ ከዚህ ነገር ለቤታችን የሚጠቅመውን ልናገር። ልጆቻችን የጦር መሣሪያ አምሳያ ሲወዱ ብናይ፣ ወዲያው መንጠቅም ሆነ ወዲያው ማጨብጨብ ከጥያቄ አያድነንም። የጦር ዕቃ አምሳያ ዓመቱ ካልተጠየቀ ኀይልን ብቻ ያስተምራል፤ ጎማው ትልቅ፣ ሞተሩ ብርቱ፣ ቀለሙ ያማረ መሆኑን ብቻ ይናገራል። ዓመቱ ሲጠየቅ ግን ማን ነዳው፣ ምን ጫነ፣ ከማን በር ገባ፣ ማን በእግሩ ሄደ የሚሉት ጥያቄዎች እየተከተሉ ይመጣሉ። ይህንንም ለመጠየቅ ከውጭ አገር የመጣ ካርቶን አያስፈልግም፤ አንድ የዘይት ቆርቆሮ፣ አንድ መቀስና አንድ ሜትር ይበቃል። ሙጫና ቀለም ከተገኘም መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳትና ከሕፃናት ርቆ ይሠራበት።

ከሁሉም ይልቅ ግን በቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን ጠይቁ። መሪው በየት በኩል እንደ ነበረ፣ ታኮው ከምን እንጨት እንደ ተሠራ፣ የጠፋው ጣት በየትኛው ዳገት እንደ ጠፋ የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው። ይህ በካርቶን ታሽጎ አይመጣም። የሚነግሩን ሰዎች በመካከላችን ሳሉ ካልጠየቅናቸው፣ ልጆቻችን ያማረ ካሚዮን ይዘው፣ በሆዱ ላይ የሚጽፉት ዓመት ያጣሉ።